የ«ወጣ» ተቃራኒ «ገባ» ነው ወይስ «ወረደ»?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የ6ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። «የ‹ወጣ›ን ፍጹም ተቃራኒ ጻፉ» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቼ ነበር። ገሚሱ ተማሪ «ገባ»፣ ገሚሱ «ወረደ» ብሎ መለሰ። የትኛውን ልቀበል? «ተቃራኒ»፣ «ተፃራሪ» እና «ግልባጭ»ስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ሁለቱንም ይቀበሉ፤ ልጆቹ አልተሳሳቱም። ተቃራኒ የሚፈለገው ለፍቺ ነው፤ አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ካለው ተቃራኒውም ይበዛል። ከቤት የወጣ ይገባል፣ ዳገት የወጣ ይወርዳል፣ የወጣች ፀሐይ ትጠልቃለች። ስለዚህ ቃሉን ነጥለው አይስጡ፤ «ገበሬው ዳገቱን ወጣ» ብለው ጽፈው ከ«ወጣ» ሥር ያስምሩ። ዘይቤያዊ አነጋገር ላይማ ጭራሽ መጠየቅ አይገባም፦ «ቀጭን ክር» ካለ «ወፍራም ክር» አለ፤ «ቀጭን ትእዛዝ» ስላለ ግን «ወፍራም ትእዛዝ» የለም።

«ፍጹም» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይሻል። ሁለት ቃላት ፍጹም ተቃራኒ የሚሆኑት መካከላቸው ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው። ሰውየው አልሞተም ካልን በሕይወት አለ፤ ሦስተኛ ነገር የለም። ሙቅና ቀዝቃዛ ግን መሐላቸው ለብ ያለ አለ። ለእርስዎ ተማሪዎች ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ደጋና ቆላ ነው። ደባርቅ ደጋ፣ መተማ ቆላ ነው፤ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጎንደር ደግሞ ወይና ደጋ ናት። ጎንደር ደጋ አይደለችም ስንል ቆላ ናት ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ከደጋ በላይ ውርጭ፣ ከቆላ በታች በረሃ ስላለ ሁለቱ ተቃራኒ ቢሆኑም የመጨረሻ ጫፍ አይደሉም። ይህን ያልለየ ተማሪ «ጥሩ አይደለም»ን «መጥፎ ነው» ብሎ ይተረጉማል። ስሕተቱ በጋዜጣ ዜና ላይ ሲደገም ደግሞ ሰው ያላለውን እንዳለ ያስቆጥራል፤ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሦስቱ ቃላት አንድ አይደሉም። «ተቃራኒ» ለሁሉም ያገለግላል። «ተፃራሪ» ከግእዙ «ፀር»፣ ከጠላት የመጣ ነው፤ ስለዚህም በፀሐዩ «ፀ» ይጻፋል፣ ጠብም አለበት። ሰሜን የደቡብ ተቃራኒ ነው እንጂ ተፃራሪው አይባልም። ሁለት ተፋላሚ ወገኖች ግን ተፃራሪ ናቸው።

«ግልባጭ»ን በዚህ ቦታ ባይጠቀሙ እመርጣለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ፦» ተብሎ ሲጻፍ ቅጂ ማለት ነውና «የሐሳቤ ግልባጭ» ያሉት ነገር ያው ሐሳብዎ ይሁን ተቃራኒው አይለይም። ቅደም ተከተል ወይም ሚና ሲዛወር «ተገላቢጦሽ» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ «ተገላቢጦሽ፣ ውሻ ወደ ግጦሽ፣ አህያ ወደ ሊጦሽ» እንዲሉ።

«አራምባና ቆቦ»ንም ለተቃራኒ የሚያውሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። እሱ የሚባለው ንግግር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ስለ ዋጋ የተጠየቀ ሰው ስለ ዝናብ ቢመልስ አራምባና ቆቦ ሆነ፤ «ውድ ነው» ሲሉት «ርካሽ ነው» ካለ ግን ተቃረነ።