እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ጎንደር ገብቷል ወይ ለሚለው ጥያቄህ

አልገባም። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ከትግራይ ነው የተመለሰው። በ1805 አንጣሎ ላይ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን አገኘ። በ1809 ዳግም ሲላክ የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ 3ኛን ደብዳቤና ስጦታ ጎንደር ላለው ንጉሠ ነገሥት ይዞ ነበር፣ ግን የጎንደር መንገድ አልተከፈተለትም፣ በ1810 ጨለቆት ላይ ለራስ ወልደ ሥላሴ አስረክቦ ወረደ። ስለዚህ ጽሑፍህ ላይ «ከአፄ እጓለ ጽዮን ጋር ተገናኘ» ያልከውን አውጣው።

የቆንስልነቱን ነገር ደግሞ ለይተህ ጻፈው። ቆንስል ጄኔራል የሆነው ግብፅ ውስጥ ነው፣ ሹመቱም በ1815፣ ከኛ አገር ከተመለሰ በኋላ። ጣሊያናዊውን ቤልዞኒን ቀጥሮ ያን ትልቅ የፈርዖን ራምሴስ ሐውልት ጭንቅላት ከጥንታዊቷ የግብፅ ከተማ ከቴብስ ያስነሳው ያኔ ነው። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ አክሱም ላይ በ1805 ቁጭ ብሎ የኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ከድንጋዩ ላይ መገልበጡ ነው፤ በሁለተኛው ጉዞው ተመልሶ ቅጂውን ከድንጋዩ ጋር አመሳክሮታል። እዚህ ላይ ሰፋ አድርገህ ጻፍ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ከላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። እኔ አንዴ ከኛው አቆጣጠር ጋር ቀላቅያቸው ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ጽፌያለሁ። ከመጀመሪያው አንዱን ምረጥና በሱ ጨርስ።