ቫይረሱ የለጠፈው ነው ወይስ የሴሉ የራሱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በቫይረስ ወደ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የተለወጡ የዶሮ ደም ሴሎች ሲበስሉ፣ ላያቸው ላይ ያሉት አንቲጂኖች (አንቲቦዲ ለይቶ የሚይዛቸው ምልክቶች) እንደሚቀያየሩ አነበብኩ። አንቲጂኖቹን የሚያመጣቸው ቫይረሱ ነው? ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ አይፈረድብሽም። እኔም ላብራቶሪ የገባሁ ሰሞን «የካንሰር ምልክት» ነበር የምላቸው። አብዛኞቹ ግን የሴሉ የራሱ የዕድሜ ምልክቶች ናቸው።

ኤሪትሮብላስቶሲስ የሚባለውን የዶሮ ሉኪሚያ የሚያመጣውን ቫይረስ እንውሰድ። ቀይ የደም ሴል ለመሆን መንገድ የጀመረውን ሴል እዚያው ጨቅላ እንዳለ ያስቀረዋል። ሴሉ ይባዛል እንጂ አይበስልም። የዚህ ቫይረስ ሙቀት የማይችሉ ዝርያዎች አሉ። 36 ዲግሪ ላይ ሴሉን አንቀው ይይዛሉ፤ 42 ላይ ይለቁታል። የዶሮ ገላ ራሱ 41 ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ሴሉን ብዙም አይጎዳውም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ጉድ ሆኖ ነበር። ሴሎቹን ወደ 42 አዛወርኩ ብዬ አራት ቀን ጠበቅሁ። ሴንትሪፊዩጅ ሳደርጋቸው (በፍጥነት አሽከርክሬ ሳዘቅጣቸው) ከቱቦው ሥር ነጭ ዝቃጭ። ለካ የኢንኩቤተሩ (የሙቀት ሣጥኑ) በር ገርበብ ብሎ ኖሯል፤ ሙቀቱ 42 አልደረሰም! በሁለተኛው ዙር ግን ዝቃጩ ሮዝ ሆነ፤ ሄሞግሎቢን (ደምን ቀይ የሚያደርገውን ፕሮቲን) መሥራት ጀምረዋል ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ጨቅላ ሴሎችን የሚለየው፣ የሚያበራ ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ (አንድን አንቲጂን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ብርሃኑ ደብዝዟል፤ የበሰሉትን የሚለየው ደግሞ ደምቋል።

«የሴሉ የራሱ» ለማለት ያስደፈረኝ ሌላ ነገር ነው። ያው የጨቅላ አንቲቦዲ፣ ቫይረስ ያልነካው ጤነኛ መቅኔ ውስጥ ባሉ ጥቂት ጨቅላ ሴሎች ላይም ያበራል። መቅኔ ውስጥ ብርቅ የሆነውን ሴል ቫይረሱ በሚሊዮን አባዝቶ ሰጠን እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ይህ ቫይረስ ጎዶሎ ነው፤ የራሱን ሽፋን መሥራት ስለማይችል ለመራባት ረዳት ቫይረስ ይፈልጋል። ረዳቱ ካለ የቫይረስ ሽፋን ፕሮቲን ሴሉ ላይ ይወጣል። ያ የቫይረስ ነው። ኧርብ-ቢ የሚባለው የቫይረሱ ጂን የሚሠራው ፕሮቲንም እዚያው ላይ ይቀመጣል፤ እሱ እንኳ ጥንት ከዶሮ የተሰረቀና የተቆራረጠ ጂን ነው። የማን ልበለው?

ስለዚህ ያነበብሽውን ጽሑፍ መልሰሽ እዪው። አንቲቦዲው ጤነኛ መቅኔ ላይ ተሞክሯል? ረዳት ቫይረስ የሌለባቸው ሴሎችስ ላይ?