«ሄቪ» ከየትኞቹ ቃላት ጋር ይሄዳል?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ስጽፍ «ከባድ» በምንልበት ስፍራ ሁሉ «ሄቪ» የሚለውን ቃል ማስገባት ለምዶብኛል። «ሄቪ ሬይን» ስል ያረመኝ የለም፤ «ሄቪ ኤግዛም» እና «ሄቪ ሚስቴክ» ብዬ ስጽፍ ግን መምህሬ ሁለቱንም ሰረዙብኝ። ሰዋስዉ ካልተዛነፈ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ስህተቱ ያለው በቃላቱ ጉርብትና ላይ ነው። በየትኛውም ቋንቋ አንዳንድ ቃላት በልማድ አብረው ይሄዳሉ፤ ይህንንም ዝምድና የቋንቋ ሊቃውንት፣ እንግሊዛዊውን ጆን ሩፐርት ፈርዝን ተከትለው፣ «ኮሎኬሽን» ይሉታል። እኛም «ወፍራም ሻይ» እና «ወፍራም ድምፅ» እንላለን እንጂ ሻዩን «ከባድ» አንለውም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ሻዩን «ስትሮንግ»፣ ድምፁን «ዲፕ» ይለዋል።

የእርስዎን ችግር የፈጠረው የእኛ «ከባድ» ክብደትንም፣ አስቸጋሪነትንም፣ አሳሳቢነትንም በአንድነት የሚሸከም መሆኑ ነው። «ሄቪ» ግን ከሚዛን ክብደት ሲርቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ብዛትን ነው፦ «ሄቪ ሬይን» በብዛት የሚወርድ ዝናብ፣ «ሄቪ ትራፊክ» መንገድ ያጨናነቀ የተሽከርካሪ ብዛት፣ «ሄቪ ስሞከር» ደግሞ ሲጋራ የሚያበዛ ሰው ነው። ፈተና በአስቸጋሪነቱ ስለሚለካ «ዲፊከልት ኤግዛም» ወይም «ሃርድ ኤግዛም» ይባላል፤ ስህተትና የአካል ጉዳት በአሳሳቢነታቸው ስለሚመዘኑ «ሲሪየስ ሚስቴክ» እና «ሲሪየስ ኢንጁሪ» ይባላሉ። ኃላፊነት ግን በትከሻ እንዳለ ሸክም ስለሚታሰብ «ሄቪ ሪስፖንሲቢሊቲ» ማለት ያስኬዳል። ይህ መለያ ብዙ ቦታ ይረዳዎታል፤ ሁሉንም ግን አይፈታም፤ ዝናቡን «ሄቪ» ያለ ሰው ነፋሱን «ስትሮንግ ዊንድ» የሚለው ልማድ ሆኖ ነው።

ከሁሉ በላይ እንዲጠነቀቁ የምፈልገው ስለ ሰው ሲናገሩ ነው። በአማርኛ የተከበረና ቁም ነገረኛ የሆነን ሰው «ከባድ ሰው ነው» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ይህንኑ ቃል በቃል «ሄቪ ማን» ብለው ቢመልሱት ግን ሰሚው ስለ ሰውዬው ውፍረት የተናገሩ ይመስለዋል፣ ምስጋናዎም ወደ ስድብ ይለወጣል። «ሄቪ ስሊፐር» ደግሞ በቀላሉ የማይነቃ እንቅልፋም እንጂ ገላው የከበደ ሰው አይደለም፤ «ሄቪ ኸርት» በኀዘን የተጫነ ልብ ነው።

ተቃራኒው ብዙ ጊዜ «ላይት» ነው፤ «ላይት ሬይን»፣ «ላይት ትራፊክ»፣ «ላይት ስሊፐር» ሁሉም ያስኬዳሉ። የአነጋገር ቅላጼ ግን ሲጎላ «ሄቪ አክሰንት» ቢባልም፣ እምብዛም የማይታወቅ ሲሆን «ስላይት አክሰንት» ይባላል። ስለዚህ ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከስሙ ጋር አጣምረው፣ ከነተቃራኒው በደብተርዎ ቢይዙት ይሻላል። ግሱንም አብረው ይጻፉ፦ ዝናቡ ሲበረታ «ኢት ሬይንድ ሄቪሊ» ይባላል፤ እርግዝናዋ የገፋ ሴትም «ሄቪሊ ፕሬግናንት» ትባላለች።