መልስ፦ የቤት ካርታ በስማቸው ባይሆንም ብድር ያገኛሉ?

ሰላም እህቴ። ሂርማታ ገበያ እህል የሚነግዱት እናትሽ፣ ካርታው በአባትሽ ስም ሆኖ ብድር ያገኙ እንደሆነ ጠይቀሻል። ያገኛሉ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትም፣ የተከማቸ እህል ጭምር፣ መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ባንኮች ግን አሁንም ቤት ቤት ማለት ይወዳሉ! ስለዚህ መጀመሪያ የቡድን ዋስትና የሚቀበል ማይክሮፋይናንስ ጠይቁ። ከዕቁብ ጓደኞቻቸው ጋር ቢደራጁ ይቀላል። አንዷ መክፈል ቢያቅታት ዕዳው ለሌሎቹ እንደሚተርፍ ግን ቀድመው ይወቁ፤ በዚህ የተቀያየመ ጎረቤት ብዙ ነው።

ደግሞ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። በአባትሽ ስም ከሆነ፣ እናትሽ በቴሌብር የሚያንቀሳቅሱት ብር የሚመዘገበው በአባትሽ ስም ነው። በቴሌብር በኩል ብድር ሲጠየቅ የሚታየው ይኸው እንቅስቃሴ ነው። እናትሽ መታወቂያቸውን ይዘው ሲም ካርድ በራሳቸው ስም ያውጡ።