ታሊየም ከአሉሚኒየም ሥር ስለተቀመጠ አትሸወጂ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልን የኬሚስትሪ ተመራቂ፣ ለላብራቶሪ ቴክኒሽያንነት ስትፈተኚ ታሊየም ስለሚባለው መርዛማ ብረታ ብረት ተጠይቀሽ «እንደ አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ +3 ይሆናል» ብለሽ እንደተሳሳትሽ ነግረሽናል። ለቀጣዩ ፈተና ምን ላጥና ነው ጥያቄሽ።

የብዙ ተመራቂ ስህተት ነው፤ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ አሉሚኒየምና ታሊየም ያሉበትን ዓምድ፣ ግሩፕ 13ን፣ ከላይ አንብቦ ወደ ታች መገልበጥ። ታሊየም አቶሚክ ቁጥሩ 81፣ የእርሳስ ጎረቤት ነው፤ ጠባዩም ወደ እርሳስ ያደላል። እፍግታው በሴንቲ ሜትር ኩብ 11.85 ግራም ነው፤ 304 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል። በቢላ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ገጽ ለአፍታ እንደ ብር ያበራና አየር ሲያገኘው ወደ ግራጫ ይደበዝዛል።

አዮን ሲሆን የሚጸናው ቻርጁ +1 ነው። በውጨኛው ሽፋን ካሉት ሦስት ኤሌክትሮኖች ሁለቱን የ6ኤስ ኒውክለሱ አጥብቆ ስለሚይዛቸው የምትለቀቀው የ6ፒዋ አንዷ ናት። +3ም አለ፣ ግን ሌላውን ኦክሲዳይዝ አድርጎ (ኤሌክትሮን ነጥቆ) ወደ +1 መመለስ ይቀናዋል። ፈታኙ የሚፈልገው ይህችን ነው፤ መርዝነቱም የሚገባሽ ከዚሁ ነው። የ+1 አዮኑ በመጠን ለፖታሲየም ስለሚቀርብ ሰውነት ፖታሲየም መስሎት ወደ ሴል ያስገባዋል። ፀጉር የሚረግፈው ዘግይቶ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ማርከሻው ፕሩሺያን ብሉ ይባላል።

በ1861 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊሊያም ክሩክስ ያገኘው በነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ መስመር ነው፤ ስሙም በግሪክ ለጋ ቡቃያ ማለት ነው። የሐምሌን የጤፍ ቡቃያ አስቢ፣ አይጠፋሽም።

ሥራ ላይ የሚገጥምሽ ግን የውሃ ናሙና ነው። ናሙናውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዢ፤ ፒኤቹን በናይትሪክ አሲድ ከ2 በታች አውርጂ፣ አለዚያ ታሊየሙ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ንባቡ ያንሳል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አትጠቀሚ፤ በግራፋይት ፈርነስ (ናሙናውን በጋለ የግራፋይት ቱቦ አትንኖ በሚለካው መሣሪያ) ክሎራይዱ ቀድሞ ይተንና ንባቡን ያበላሻል። የሚለካበት የብርሃን ሞገድ ርዝመት 276.8 ናኖሜትር ነው። የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 0.002 ሚሊግራም ስለሆነ የነበልባሉ ኤኤኤስ (አተሞች የሚውጡትን ብርሃን የሚለካው መሣሪያ) ያን ያህል ትንሽ መጠን መለካት አይችልም፤ ይህን ሳትጠየቂ ብታነሺ ያስመሰግንሻል።

ሲቪሽ ላይ «ኤኤኤስ እችላለሁ» ከምትዪ የለካሽውን የብረታ ብረት ዓይነትና ያዘጋጀሽውን ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ብዛት ጻፊ። «የታሊየም ፈሳሽ ጓንትሽ ላይ ቢፈስስ?» ካሉሽ፦ ጨዎቹ በቆዳም ስለሚገቡ ጓንቱን ወዲያው አውልቀሽ እጅሽን በሳሙና ትታጠቢያለሽ፣ ለኃላፊው ትነግሪያለሽ፤ ቅሪቱ ስሙ ወደተጻፈበት የመርዛማ ቆሻሻ ጠርሙስ እንጂ ወደ ሲንክ አይገባም።