ዘንበል ያለ ሁሉ ኢታሊክ አይባልም

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣ የሠርግ ካርድና ብሮሸር ዲዛይን ነው የምሰራው፣ ለእንግሊዝኛው ጋራሞንድ የሚባለውን ፎንት በጣም እወደዋለሁ። ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ኢታሊክ ሳደርገው ትንሿ ኤ ቅርጿ ጭራሽ ይቀየራል፣ ኤፍ ደግሞ ከመስመር በታች ጭራ ታወጣለች፣ ማተሚያ ቤት ስወስደው ግን ያው ቀጥ ያለው ፊደል ዘንበል ብሎ ብቻ ይመጣል። የቱ ነው ልኩ? ወንድማችሁ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጭራ ያላት ናት ልኳ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የኢታሊኩ ፋይል የለም፣ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ወስዶ ገፍቶ አጋደለልህ፣ ያ ደግሞ ፌክ ነው፣ ወፍራምና ቀጭን መስመሮቹ ቦታቸውን ይስታሉ፣ ክቦቹ ይጣመማሉ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ስትልክ ፎንቱ የተከተተበት ፒዲኤፍ ላክ።

ለምን ቅርጹ ተቀየረ ላልከው ግን ቬኒስ ድረስ መሄድ አለብን። አልዶ ማኑዚዮ የሚባል አሳታሚ በፈረንጆቹ 1501 የጥንቱን የሮም ባለቅኔ የቨርጂልን ግጥሞች በእጅ በምትያዝ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፣ መጽሐፉ ከላይ እስከ ታች በኢታሊክ ነው። ፊደሉን ብረት ላይ የቀረጸለት ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነው፣ መነሻ ያደረገው ደግሞ የዛን ጊዜ ምሁራንና የቢሮ ጸሐፊዎች ቶሎ ቶሎ ሲጽፉ የሚጠቀሙበትን የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ብዕሩ ከወረቀቱ ብዙም ሳይነሳ የሚጻፈውን ማለት ነው። ለዛ ነው ፊደሉ ጠበብ የሚለው፣ ሴሪፎቹም (የፊደሉ መስመሮች ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ እግሮች) እንደ ቀጥ ያለው ጠፍጣፋ እግር ሳይሆኑ ብዕር ሲገባና ሲወጣ የሚተወውን ምልክት የሚመስሉት። እና አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ፣ ያኔ ካፒታሎቹ ቀጥ ብለው ነበር የሚቆሙት፣ ዘንበል ያሉት ትንንሾቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ማዘንበሉ እንደ ተጨማሪ ነው፣ ኢታሊክን ኢታሊክ ያደረገው የእጅ አጣጣሉ ነው። (ቬኒስ የፊደሉን መብት ለአልዶ ነው የሰጠችው፣ ለቀረጸው ለግሪፎ አይደለም፣ ሁለቱም ተኮራርፈው ተለያዩ፣ የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ አታሚዎች ደግሞ መብት ምናምን ሳይሉ ገልብጠው ቸበቸቡት። ኮፒ ማድረግ ያኔም ነበር እንግዲህ።)

የምትወደው ኢታሊክ የጋራሞንድ ላይሆንም ይችላል! አዶቤ የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ1989 ባወጣው ጋራሞንድ ላይ ቀጥ ያለው ከፈረንሳዊው ፊደል ቀራጭ ከክሎድ ጋራሞንድ ስራ ነው የተወሰደው፣ ኢታሊኩ ግን ከሌላ ፈረንሳዊ ከሮበር ግራንዦን ነው፣ ሁለቱን ያጋባቸው ሮበርት ስሊምባክ የሚባል ዲዛይነር ነው። ብር ከሌለህ ኢቢ ጋራሞንድ የሚባል ነጻ ፎንት አለ፣ እሱም የ1592 የፍራንክፈርት የፊደል ናሙና ወረቀት ላይ ተመስርቶ የተሰራ ነው፣ ትክክለኛ ኢታሊክ አለው። ለሠርግ ካርድ ደግሞ የሙሽራውና የሙሽሪት ስም መሀል የምትገባዋን የ«እና» ምልክት (&) ከኢታሊኩ ውሰድ፣ ስሞቹን ቀጥ ባለው ብትጽፋቸው እንኳ። ኢ እና ቲ (et፣ በላቲን «እና» ማለት ነው) የተጠላለፉባት ነገር ናት፣ ከዛ ካርድ ላይ ያለ አበባ ሁሉ ቢቀር አይጎድልም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ መመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው፣ ኢታሊክ የት የት ነው የሚገባው? አማካሪዬ ሁሌ ያርመኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በእንግሊዝኛ የመጽሐፍና የጋዜጣ ስም፣ የመርከብ ስም፣ ያልተለመደ የባዕድ ቃል፣ እና የእጽዋትና የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም፣ ጤፍን ኤራግሮስቲስ ቴፍ ብለሽ በላቲን ፊደል ስትጽፊ ኢታሊክ ግዴታ ነው። አንድ ቃል ጎላ ለማድረግም ይሆናል፣ በቁጠባ ግን። በኢታሊክ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመጽሐፍ ርዕስ ከገባ ርዕሱ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ከስሩ ማስመር ግን ተዪው፣ እሱ ታይፕራይተር ኢታሊክ ስለሌለው የመጣ ልማድ ነው። ሙሉ ገጽ በኢታሊክም አታድርጊ፣ የአልዶ አንባቢዎች ለምደውት ነበር፣ የዛሬ ዓይን ይደክመዋል።

ጥያቄ፦ አማርኛንስ ኢታሊክ ማድረግ ይቻላል? ቁልፉን ስጫነው እኮ ይሰራል።

መልስ፦ ይሰራል፣ አያምርም እንጂ። ለሐዋሳው ወንድማችን ያልኩት ያው ፌክ ማጋደል ነው፣ ምክንያቱም ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ የሚባሉት የአማርኛ ፎንቶች ኢታሊክ ፋይል ይዘው አይመጡም። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የሮሙ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 ነው የወጣው፣ ከአልዶ ቨርጂል በ12 ዓመት ብቻ ዘግይቶ፣ ግን ፊደላችን ቀጥ ብሎ ነው የገባው፣ እንደዛው ቀጠለ። ደግሞ የኛ ፊደል የሚለየው በእግር ርዝመትና በትንንሽ ቅጥያዎች ስለሆነ፣ ትንሽ ጽሑፍ ላይ ስታጋድለው መለየት ያስቸግራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጎላ ማድረግ ሲፈልጉ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ነበር የሚጽፉት፣ ስለዚህ ቀለም ወይ ደማቅ ፊደል ተጠቀም፣ ለርዕስ ደግሞ ይቺ «» ትበቃለች። የሠርግ ካርድ ላይ ሁለቱም ቋንቋ ካለ አማርኛውን ቀጥ አድርገህ ተወው፣ እንግሊዝኛውን ብቻ ኢታሊክ አድርገው፣ መጠኑንም አንድ ሁለት ነጥብ ጨምርለት ምክንያቱም የጋራሞንድ ትንንሽ ፊደላት አጠር ያሉ ናቸው፣ አማርኛው ጎን ሲቆሙ ያንሳሉ።