ካርዱ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እዩ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ፋብሪካም፣ ግንባታም፣ ወርክሾፕም ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ የክር ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ብዙ ቁስል አጥቤ አሽጌአለሁ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ቁስሉ አይደለም፤ ስለ ወረቀቱ ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ሥራ ከጀመረ ገና ስድስት ወሩ። በማታ ሺፍት፣ በማሽኑ ጥርሶች ላይ የተጠመጠመ ክር ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ሁለት ጣቱን ወሰደበት። የጥርሶቹ መሸፈኛ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንደዚያ ከሆነ ሳምንት አልፎታል። ወደ እኔ ሲያመጡት እጁ በፎርማኑ ሻርፕ ተጠቅልሏል። አላለቀሰም። «ሲስተር፣ ነገ ካልገባሁ ይቆርጡብኛል?» ነው ያለኝ። ስለ ደሞዙ ነበር የሚጠይቀኝ።

ደሙን አቁሜ ወደ ሆስፒታል ላክሁት። ካርዱ ላይ «የግራ እጅ ሁለት ጣት ተቆርጧል፣ ሪፈር ተብሏል» ብዬ ጻፍኩ። በቃ። የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን፣ ማን እያየ፣ አንዱንም አልጻፍኩም። ሆስፒታሉ ከእኔ ወረቀት ላይ ያገኘውን ገለበጠ። የሰው ኃይል ክፍል ደግሞ «የሕመም ፈቃድ» ብሎ መዘገበው።

ልዩነቱን እዩት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በተራ ሕመም የቀረ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ግን ክፍያው እስከ አንድ ዓመት ይሄዳል። ሦስት ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ቀሪውን ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። ሕክምናው፣ ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካሉ የአሠሪው ወጪ ነው። በልጁ ጊዜ የነበረው አዋጅም በዚህ አይለይም ነበር። ነገር ግን በአራተኛው ወር ፔሮሉ ላይ ከስሙ ፊት ለፊት ባዶ ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሩ ጉዳዩን ያዘለት፣ አብሮት ያመሸ ባልደረባው መሰከረለት፣ በስተመጨረሻ ተስተካከለ። እስከዚያ ግን እናቱ ላሟን ሸጣ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል። አምስት ቃል ብጨምር ኖሮ ላሟ አትሸጥም ነበር።

ስለዚህ ስትጎዱ፣ ደሙ ከቆመ በኋላ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ይሁን። በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ማሽኑ ወይም ቦታው፣ ያየ ሰው ስም። ራሳችሁ መጠየቅ ካልቻላችሁ ጓደኛ ይጠይቅላችሁ። በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛ በዚያ ዘመን ካርቦን ወረቀት ነበር ያለን።

ሌላው ብዙዎቻችሁን የሚያስጎዳችሁ ነገር ይሉኝታ ነው። «እኔ ነኝ የቸኮልኩት፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ሲሉ ብዙ ሰምቻለሁ። ሕጉ እንዲህ አይልም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ኃላፊ የማይሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራሉ። መቸኮል ግን ሌላ ነገር ነው። እባካችሁ ሕመም ላይ ሆናችሁ፣ ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ወረቀት ተፈርሞ አይቻለሁ። የፈረመችው ልጅ ማስታገሻ ከተወጋች ግማሽ ሰዓት አልሞላትም ነበር።

ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ስትሄዱም ሆነ ስትመለሱ የሚደርስ አደጋ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ግቢ ውስጥ በእረፍት ሰዓት የሚደርስም እንደዚያው።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ቋሚ ጉዳት የቀረበት ሰው የሕክምና ቦርድ ፊት ይቀርባል፤ ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በፐርሰንት ይወስናል። «ፐርሰንት ተሰጠኝ» ሲባል የምትሰሙት ይህ ነው። ክፍያው ድርጅቱ ኢንሹራንስ ከገባ በኢንሹራንሱ፣ ካልገባ በጡረታ ሕጉ ይታያል። ጡረታ ለማይሸፍነው ሠራተኛ አሠሪው ራሱ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ የአምስት ዓመት ደሞዝ፣ ከዚያ በታች ለሆነ በፐርሰንቱ ልክ። ለምሳሌ ደሞዙ 4,000 ብር የሆነ ሰው የአምስት ዓመቱ 240,000 ብር ነው፤ ቦርዱ 25 ፐርሰንት ካለው 60,000 ብር ይደርሰዋል። ቁጥሩን የማሳያችሁ፣ «አይዞህ፣ እንረዳሃለን» ተብሎ በፖስታ የሚሰጥ አምስት ሺህ ብር መብታችሁን እንዳያስረሳችሁ ነው።

ጡረታ ከተቆረጠባችሁ ገንዘቡ የእውነት እየገባ መሆኑን ጤነኛ ሳላችሁ አጣሩ። ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

«እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ውልም የለኝ» የምትሉም አላችሁ። በጽሑፍ የሆነ ውል አለመኖሩ መብታችሁን አይነጥቅም። ብቻ በዚያ ቀን እዚያ እንደሠራችሁ የሚያሳይ ነገር ያዙ። የክፍያ ወረቀትም፣ የባልደረባ ስልክም ይሆናል። የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አልተሸፈኑም። በፈላ ዘይት የተቃጠለች ልጅ ያየ ሰው ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚያም ያውቃል።

አትዘግዩ። የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት በስተቀር ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ማቅረብ አይቻልም። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ስለዚህ «ገንዘብ የለኝም» ብላችሁ አትቅሩ። ማኅበር ካላችሁ ከማኅበሩ፣ ከሌላችሁ ከሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጀምሩ።

ከዚያ ልጅ በኋላ ልማዴን ቀየርኩ። ካርዱን ጽፌ ስጨርስ ለተጎዳው ሰው ጮክ ብዬ አነብለት ጀመር። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ክንዷ የተጎዳ አንዲት ልጅ መጣች። አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማኝ። መሃል ላይ ገለጠችና «ሲስተር፣ ሦስት ቁጥር ማሽን አይደለም» አለችኝ። «አምስት ቁጥር ነው።»

ሰርዤ አምስት ብዬ ጻፍኩ፣ ጎኑ ላይ ፈረምኩበት፣ ኮፒውን በደህናው እጇ ሰጠኋት።